በልክ የተሠራ ዋሽንት

የሰው ማጅራት እንደሱ ያጠና ሰው በከተማው ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ሥራው አሳንሰር መንዳት ነው። «አሳንሰር ደግሞ ይነዳል እንዴ?» የሚል ካለ፣ የድሮዎቹ ይነዳሉ። እሱ የሚሠራበት የቢሮ ሕንፃ አሳንሰር ከሕንፃው ጋር አብሮ ያረጀ፣ በሩ በእጅ ተጎትቶ የሚዘጋ፣ በመዘውር የሚወጣና የሚወርድ ነው። መዘውሩን የሚይዘው ሰው ጥጉ ላይ በርጩማ አለችው። ሰው ይገባል፣ ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል፣ ጀርባውን ለእሱ ይሰጣል። የሒሳብ ክፍሉን ኃላፊ በማጅራታቸው ጠባሳ፣ የጠበቃውን ጸሐፊ በጠጉሯ አያያዝ ለይቶ ያውቃቸዋል፤ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ቢያገኛቸው ግን ሰላም ሳይል ሊያልፋቸው ይችላል።

ቀኑን ሙሉ ከአፉ የሚወጣው አንድ ቃል ነው፦ «ስንተኛ?» መልሱም ቁጥር ነው፤ አንዳንዱ እንዲያውም በጣቱ ብቻ ያሳየዋል። ከዚህ የተነሣ የሕንፃው ሰው ሁሉ «ስንተኛ» የሚል ስም አወጣለት። «ስንተኛ ዛሬ አልመጣም እንዴ?» «ዕቃውን ለስንተኛ ስጠው፣ ያወጣልሃል» ይባላል። እሱ ይህን ስም አያውቀውም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ቢያውቀውም የሚቀየም አይመስለኝም፤ ከነጭራሹ ካለመጠራት ቅጽል ስም ሳይሻል አይቀርም።

ዕድሜውን ሙሉ የኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነበር። እናትና አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደገችው እሷ ናት። እሷ እሱን ሳሳድግ ብላ ሳታገባ ቀረች፤ እሱም «እታለምን ጥዬ የት እሄዳለሁ» እያለ ሳያገባ ጠጉሩ ሸበተ። እታለም ወሬ ትወድ ነበር። ምላስ ሲታደል የወንድሟንም ድርሻ ተቀብላ የመጣች ነው የምትመስለው። ገና ጫማውን ሳያወልቅ የጎረቤቱን ጠብ፣ የቧንቧውን መበላሸት፣ የድመቷን መውለድ አንድ ላይ ታወርድበታለች። «እስቲ አንዴ እንኳ ዝም በይ፣ እታለም!» ይላት ነበር። ይኸው ዝም አለች። ባንዲት ክፍላቸው ውስጥ ሁለቱ አልጋዎች አሁንም ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የእሷን ሊሸጠው አስቦ ገዥም አግኝቶ ነበር፤ በኋላ ግን ባዶ ግድግዳ ከማየት ባዶ አልጋ ማየት ይሻላል ብሎ ተወው።

የሥራ ቀን እንደምንም ያልፋል። እሁድም ልብስ ሲያጥብ ይመሽለታል። የከፋችው ቅዳሜ ከሰዓት ናት። ሕንፃው በግማሽ ቀን ይዘጋል፤ ያ ሁሉ ማጅራት ወደ ልጁ፣ ወደ ሚስቱ፣ ወደ ጓደኛው ይበተናል። ስንተኛ ግን የአሳንሰሩን በር ቆልፎ ደጅ ይቆምና ወዴት እንደሚሄድ ይጨንቀዋል። አንዳንዴ ዝም ብሎ አውቶቡስ ይሳፈርና መጨረሻው ድረስ ሄዶ በዚያው አውቶቡስ ይመለሳል።

በእንዲህ ያለች ቅዳሜ ነው ዝናብ የያዘው። አካባቢው ቁልፍ ቀራጩ፣ ጃንጥላ ጠጋኙ፣ ሰዓት ሠሪው ጎን ለጎን የተኮለኮሉበት ጠባብ መንገድ ነበር። ከአንዷ ሱቅ ክዳን ስር ሮጦ ተጠለለ። ከውስጥ የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

«ዋሽንት በመስኮት አይመረጥም! ግባ እንጂ!»

ዞር ብሎ ቢያይ ግድግዳው ከጣራ እስከ ወለል ዋሽንት ነው፤ ረጅሙ፣ አጭሩ፣ ቀጭኑ፣ ወፍራሙ። እውነቱን ለመናገር በሕይወቱ አንድ ቀን ስለ ዋሽንት አስቦ አያውቅም። «ዝናቡ እስኪያባራ ነው፣ ጋሼ» ቢል ማንም አይቆጣውም ነበር። ግን ሰው «ግባ» ካለው ስንት ጊዜው! አፉ ቀደመውና «አዎ፣ ልገዛ ፈልጌ ነው» አለ። ነገሩ ገና ከሥሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው ብትሉኝ አልከራከራችሁም።

«በል እጅህን ስጠኝ» አሉ ሽማግሌው።

ሽማግሌው ዋሽንት የሚመረጠው በእጅ ነው ባይ ናቸው። ደንበኛ የቱንም ያህል ቢቸኩል እጁን ሳያዩ አይሸጡለትም። የስንተኛን መዳፍ ገልብጠው አዩት፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጉ፣ ከጣት እስከ ጣት ያለውን በቀጭን ሲባጎ ለኩ፣ ጫፋቸውን ጫን ጫን አደረጉ።

«ጣትህ አጭር ነው። ግን ጫፉ ሥጋ አለው፤ ቀዳዳ ጥሩ አድርጎ ይደፍናል። ይሄ መዳፍህ ላይ የደደረው ቆዳ ከምን መጣ?»

«አሳንሰር ነው የምነዳው። ከመዘውሩ ነው።»

«እኔ ደግሞ አናጢ ትሆናለህ ብዬ።»

እጁን አልለቀቁትም። እያወሩ ያገላብጡታል። እታለም ከሞተች ወዲህ እጁን ይዞ የቆየ ሰው አልነበረም። በርግጥ የሚጨብጡት አሉ፤ ያ ግን ነካ አድርጎ መልቀቅ ነው። ዓይኑ እንዳያጋልጠው ብሎ ዋሽንት የሚመርጥ መስሎ ወደ ጣራው አንጋጠጠ።

ሽማግሌው አንዱን አውርደው ነፉት። ስንተኛ ወደደው። «ይሄ ጥሩ ነው» ሊል ከንፈሩን ሲያላቅቅ ግን አንድ ነገር ታየው፦ ወደድኩት ካለ ይገዛል፤ ከገዛ ይወጣል፤ ከወጣ ተመልሶ የሚመጣበት ምክንያት የለውም። አንድ ሰው መቼም ስንት ዋሽንት ይገዛል?

«ትንሽ ቀጠነብኝ» አለ።

ሽማግሌው ተቆጡ ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። ፊታቸው በራ። «ተመስገን! ጆሮ ያለው ሰው መጣ» አሉ። «ሌላው እኮ ቀለሙን አይቶ ነው የሚገዛኝ። ከሶፋው ጋር ይሄዳል ያለችኝም አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ና፣ ሌላ አዘጋጅልሃለሁ።»

ስንተኛ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄደ። ከዚያ በኋላም ሄደ። ዋሽንትን ከመኪና ጥሩምባ የማይለይ ሰው ሊቅ ሆኖ አረፈው! አንዱ ወፈረበት፣ አንዱ ከላይ ጨሰበት፣ አንዱ ልቡን አልነካውም። «ጨሰብኝ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ሽማግሌው ግን አገጫቸውን እያሹ «ልክ ነህ፣ ጨስ ይላል» ይሉና ዋሽንቱን ይሰቅሉታል። ከዚያ ሻይ ያፈላሉ። ሸምበቆ ጥላ ውስጥ ካልደረቀ እንደሚሰነጠቅ፣ ቀዳዳው በጋለ ብረት ሲበሳ እጅ ከተንቀጠቀጠ ሁሉም ነገር እንዳለቀለት ይነግሩታል። ከአሳንሰሩ ውጭ ቃል የማይወጣው ሰውም ቀስ በቀስ አፉ ተፈታ። ስለ ማጅራቶቹ ነገራቸው። ሳቁ፣ ሳቁና «እስቲ የኔን አይተህ ስንተኛ ፎቅ እንደምወርድ ንገረኝ» ብለው ዞሩለት።

መንፋትም አስጀመሩት። መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ነፋስ ብቻ ነበር። «ሻይ እያበረድክ ነው ወይስ እየነፋህ?» ይሉታል። አንድ ቀን ድምፅ ሲወጣው ሁለቱም ደንግጠው ተያዩ። ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ ብቻውን ፈገግ እያለ ነበር፤ ያየው ሰው ካለ እብድ ብሎታል።

የሽማግሌው ልጅ ራቅ ያለ ከተማ ነው የምትኖረው፤ መምህርት ናት። አንድ ቅዳሜ ስንተኛ ተቀምጦ ሳለ መጣች። ሰላም ከማለቷ «አባዬ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትሆነው? ክፍል አዘጋጅቼልሃለሁ እኮ» አለች።

«ጆሮዬ እስከሠራ ድረስ እሠራለሁ» አሉ። «ጆሮዬ እምቢ ያለኝ ዕለት ቁልፉን እኔው ራሴ እሰጥሻለሁ።»

«ስልክ ሲጮህ እንኳ አትሰማም!»

«ስልክ ዋሽንት አይደለም።»

ስንተኛ ከሽማግሌው ጋር አብሮ ሳቀ። ያየው ነገር ግን አልጠፋውም። ሽማግሌው ሰው ሲያናግራቸው ግራ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ዋሽንት ነፍተው ሲያበቁም መጀመሪያ የሚያዩት የእሱን ፊት ነው፤ ደህና ይሁን አይሁን ከእሱ ፊት የሚያነቡ ይመስላሉ። ይህን ሁሉ አይቶ ነገሩን አላገናኘውም። ሰው የራሱ ጉዳይ ሲይዘው የሌላው አይታየውም፤ የእሱ ጉዳይ ደግሞ የሚቀጥለው ቅዳሜ ነበር።

በመጨረሻ ግድግዳው አለቀ። ያልተነፋ ዋሽንት አልቀረም። ስንተኛ ጉዱ ፈላ፣ አሁንስ ምን ሰበብ አመጣለሁ እያለ ሲጨነቅ፣ ሽማግሌው ከኋላ ክፍል በጨርቅ የተጠቀለለ ሸምበቆ ይዘው ብቅ አሉ።

«ይሄን ለራሴ ነበር ያስቀመጥኩት» አሉ። «በልክህ እሠራልሃለሁ። ላንተ ያልሆነ ዋሽንት ከሠራሁ እኔም ሠሪ አይደለሁም።»

ስንተኛ ደስታውን መደበቅ አቃተው። በልክ መሥራት ጊዜ ይወስዳል። ቅዳሜ እየመጣ እጁን እንደገና አስለካ፣ ቆረጣውን አየ፣ ሲፋቅ፣ ሲበሳ፣ ዘይት ሲቀባ አጠገባቸው ተቀምጦ አየ። ሽማግሌው በዚህ ዋሽንት ላይ እንደሌላው ጊዜ አያወሩም፤ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር የሚሠሩት።

የጨረሱት ዕለት ገና ከበሩ ሲገባ ዘረጉለት። «ንፋው።»

ነፋው። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሱ አፍ ይወጣል ብሎ አስቦ አያውቅም። አልቀጠነም፣ አልወፈረም። ጣቶቹ ሳይፈልጉ ቀዳዳዎቹ ላይ አረፉ። ሰው የሌለበት ቤት ሰው ሲገባበት እንደሚሞቀው ደረቱ ሞቀው። ዋሽንቱን ከአፉ ሲያወርደው ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዓይን ዓይኑን ያዩታል።

«እንዴት ነው?»

አሁን እውነቱን ቢናገር ሁሉም ያልቃል። ከፍሎ፣ አመስግኖ፣ ዋሽንቱን በወረቀት ጠቅልሎ ወደዚያ ክፍል። የሚቀጥለው ቅዳሜ እየመጣ ነው፣ ከእሱም ወዲያ ሌላ ቅዳሜ አለ።

«ትንሽ... ሻከረብኝ» አለ።

«የት ላይ?»

ውሸት አንዴ ከወጣ ጭራ ይፈልጋል። «ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ መሰለኝ።»

ዋሽንቱን ተቀብለው ሦስተኛውን ቀዳዳ ከፍተው ነፉ። ደፍነው ነፉ። ግራ ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው ነፉ። «እኔ አልሰማሁትም» አሉ በቀስታ። ከዚያ ዋሽንቱን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ለሁለት ሰበሩት።

ስንተኛ ከበርጩማው ዘሎ ተነሣ። «ምነው ጋሼ! ምነው!»

«ወጉ ነው» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «በልክ የተሠራ ዋሽንት ባለልኩ ካልተቀበለው ለሌላ አይሸጥም። የሌላ ሰው ጣት ቀዳዳውን ስቶ ድምፁ ሲበላሽ የሚታማው ሠሪው ነው። አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርገው።»

«ሌላ ይሠሩልኛላ?»

«እናያለን» አሉና ስብርባሪውን በጫማቸው ወደ ጥግ ገፉት። በዚያ ቀን ሻይ አልተፈላም።

ያን ሳምንት ስንተኛ አሳንሰሩን ከፎቅና ፎቅ መካከል እያቆመ ሰው አስጮኸ። አምስተኛ ያለውን ሰባተኛ ወሰደው። ማጅራቶቹ ዞረው አዩት፤ አንዲቷ እንዲያውም «አሞሃል እንዴ?» አለችው፤ በስንት ዓመቱ ፊቷን ያን ዕለት አየ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእሱ ግን ባደረ ቁጥር ጠቆረበት። ሽማግሌው «አልሰማሁትም» ሲሉ የነበረው ፊታቸው አልጋው ላይ ተከትሎት ይመጣል። የልጅቷና የአባቷ ንግግር ትዝ ያለውም ያኔ ነው፤ ጆሮዬ እስከሠራ ድረስ። ዱብ ዕዳ ሆነበት። ቅዳሜ ይምጣ ብቻ፣ እግራቸው ላይ ወድቄም ቢሆን እናገራለሁ ብሎ ቆረጠ።

ቅዳሜ ሲደርስ የሱቁ በር ላይ መኪና ቆሟል። ግድግዳው ባዶ ነው። ዋሽንቶቹ እንደ ማገዶ በገመድ ታስረዋል፣ ልጅቷ ካርቶን ታሽጋለች፣ ሽማግሌው የታጠበ ሸሚዝ ለብሰው አንዱ ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል።

«መጣህ? ሳልሰናበትህ ልሄድ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር» አሉ።

«ጋሼ፣ ዋሽንቱ ደህና ነበር።»

«የቱ?»

«የሰበሩት። አልሻከረም። ሦስተኛው ቀዳዳም ምንም አልነበረበት። ዋሽቼ ነው።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አየሽው? ያልኩሽ ሰው ይሄ ነው። አዘነልኝ።» ወደ እሱ መለስ ብለው «ስንት ዘመን ሙሉ የመጣ ሁሉ ግሩም ነው፣ ድንቅ ነው እያለኝ ሄደ። እውነቱን የነገርከኝ አንተ ብቻ ነህ። አሁን ደግሞ አታባብለኝ፤ ውሸት አትችልበትም» አሉት።

«እውነቴን ነው!»

«ለምን ትዋሻለህ ታዲያ?»

ይህችን ለመመለስ ቀላል አልነበረም። ልጅቷም ሥራዋን ትታ ታየዋለች። «ተመልሼ እንድመጣ ብዬ ነው» አለ ወለሉን እያየ። «ከገዛሁ መምጣቴ ይቀራል ብዬ። ቤቴ ሰው የለም፣ ጋሼ። ቅዳሜ ሲሆን የምሄድበት የለኝም።»

«ቀልደኛ!» አሉ ሽማግሌው። «ለመቀመጥ ብሎ ይሄን ሁሉ ወራት ዋሽንት የሚያማርጥ ሰው አለ? 'ጋሼ፣ ሻይ ልጠጣ መጣሁ' አትልም ነበር? ደጄ መቼ ተዘጋብህ?»

እውነትም እንዲህ ማለት ይቻል ነበር። አንድም ቀን አስቦት አያውቅም።

«እሺ» አሉ፣ አሁን ሳቃቸው ቀነስ ብሎ። «እውነትህን ከሆነ ማልልኝ።»

አፉን ከፈተ። «እታለም ት...» ብሎ ቆመ። እታለም ሞታለች። በሞተ ሰው አይማልም፤ ምን እንዳይደርስባት ተብሎ? እናቱም የለች፣ አባቱም የለ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ሰው ሁሉ «እገሌ ይሙት» ብሎ እንደ ቀላል የሚጥላትን ቃል ለመጨረስ በዓለም ላይ አንድ ሰው ፈለገና አጣ። ሽማግሌው ይጠብቃሉ። ልጅቷ ትጠብቃለች።

«እርስዎን ይንሳኝ» አለ በመጨረሻ። «እርስዎን ይንሳኝ፣ ጋሼ፣ ዋሽንቱ ደህና ነበር።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ማን እንደሆነ ገና አሁን የተነገራቸው ይመስል ነበር።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «ሳምንቱን ሙሉ ጆሮዬን ስቀብር ነው የሰነበትኩት።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር። እጁን ፈልገው ያዙት፣ እንደ መጀመሪያው ቀን መዳፉን ሳይሆን ዝም ብለው ጭብጥ አድርገው። ልጅቷ ግራ ገብቷት ቆየችና ቀስ ብላ «አባዬ፣ ቁልፉን እኮ ትናንት ለአከራዩ አስረክበናል። ሌላ ሰው ተከራይቶታል» አለች።

«አውቃለሁ» አሉ። «አውቃለሁ፣ ልጄ።» ከዚያም ስንተኛን «በል ከታሰረው ውስጥ አንድ ምረጥ። አሁን እንኳ ግዛኝ» አሉት።

ስንተኛ እጁ የነካውን መዘዘ። አላስነፋም፣ አልጠየቀም። ገንዘቡን ሰጠ፣ ተቀበሉ። ያ ሁሉ ወራት የፈጀ ግዢ ውሃ ተጎንጭቶ የመዋጥ ያህል እንኳ ጊዜ አልወሰደም። ካርቶኖቹን ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫነላቸው፣ ሽማግሌውን ደግፎ አስገባቸው። ሽማግሌው በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው «እንዲያው ዝም ብለህ መጥተህ ጠይቀኝ፣ ሻይ አለ» አሉ፤ መንገዱ የአንድ ቀን ጉዞ እንደሆነና እሱ ቅዳሜ እስከ ቀትር እንደሚሠራ ሁለቱም ያውቃሉ።

መኪናው ከቁልፍ ቀራጩ ጥግ ታጠፈ። ስንተኛ ዋሽንቱን ይዞ ከባዶው ሱቅ ክዳን ስር ቆመ። በውሸት የማለ ሰው ቢነሳው የወግ ነው። እሱን ግን በእውነት ምሎም ነሳው።